ስለ ወይዘሮ ጉዲቱ መታወቂያ እና ስለ እድሩ ድንኳን

ለተከበሩ አቶ ቶኩማ፣
የሰፈራችን የመራጮች ምዝገባ ጣቢያ ኃላፊ፣
አዳማ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እመኛለሁ። እኛ ሰፈርተኞችዎ ከአዳማ አቧራና ከእርስዎ «ነገ ይመለሱ» በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ እንዳይደክሙ ዋፊቃ ጀማል እባላለሁ፤ የእድራችን ንብረት ያዥ፣ ምዝገባውን የሚያካሂዱበትን ድንኳን ከነአግዳሚ ወንበሩ ያዋስኩዎ ሴት ነኝ።

ለአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ የለጠፉት ማስታወቂያ ግልጽ ስለሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜው አሥራ ስምንት የሞላ፣ በአካባቢው ስድስት ወር የኖረ፣ የታደሰ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ፤ መታወቂያ የሌለው የሚያውቁትን ሦስት ምስክሮች ያቅርብ ይላል። አንብበን «ይኼማ ቀላል ነው» አልን። የዋህነታችንን ይቅር ይበሉን።

1ኛ. ጎረቤቴ ወይዘሮ ጉዲቱ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሰፈር የኖሩትም ስድስት ወር ሳይሆን አርባ አንድ ዓመት ነው። በደጃፋቸው የሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ በደለል ስለተደፈነ በየክረምቱ ውኃው ሳሎናቸው ይገባል። ስለዚህ ቦዩን አስጠርጋለሁ ላለው ዕጩ ድምፃቸውን ለመስጠት ቆርጠው፣ ምዝገባው በተከፈተ ዕለት ከእርስዎ ቀድመው ድንኳኑ በር ላይ ተገኙ። እርስዎም መታወቂያቸው ካለፈበት ሁለት ወር እንደሆነው በትሕትና ነግረው ወደ ቀበሌ ላኳቸው። በባጃጅ ሄዱ። የመታወቂያው መስኮት ተዘግቶ «ሠራተኛው ለምርጫ ምዝገባ ወጥቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ያ ሠራተኛ እርስዎ ነዎት። ተመልሰው ቢጠይቁዎ፣ እዚህ መዝጋቢ እንደሆኑ፣ የመታወቂያው ማኅተም ያለው ቢሮዎ መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ፣ በሥራ ሰዓትም ጣቢያውን ጥለው ወደ ቢሮዎ መሄድ እንደማይችሉ አስረዷቸው። አንድ ሰው ራሱን በራሱ እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም።

2ኛ. በማግስቱ ሦስት ምስክሮች ሆነን ቀረብን፤ እኔ፣ የዳቦ ቤቱ አቶ ሳሊህ እና መምህርት ፋና። እርስዎ ግን ምስክር የሚያስፈልገው መታወቂያ ለሌለው ነው እንጂ መታወቂያው ላለፈበት አይደለም አሉን። አቶ ሳሊህ መታወቂያውን ቢጥሉትስ ብለው ቢጠይቁ፣ አንዴ አይቼዋለሁና አይሆንም ብለው መለሱ። ለሕግ ያለዎት ታማኝነት አስደምሞን ወደ ቤታችን ሄድን።

3ኛው ቅሬታ ሳይሆን ትዝታ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አርፈው ድንኳኑን ለለቅሶው ስንወስድ፣ ጣቢያዎ ለአንድ ቀን ተዘግቶ እርስዎም ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። በለቅሶ ላይ የእድሩን አባላት ስም የሚጠሩት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ጉዲቱ እንደሆኑ ያውቃሉ። ዘግይተው ስለመጡ ስምዎ አልፎ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩዎና «መጥቷል» ብለው ምልክት አደረጉልዎ፣ ከቅጣትም አዳኑዎ። መታወቂያ አልጠየቁዎትም። እናትዎ እርስዎን የወለዱ ጊዜ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው ስለሆኑ ምናልባት አላስፈለጋቸው ይሆናል። በማግስቱ ድንኳኑ ሲመለስልዎ ግን እኒሁ ሴት «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ብለው ደህንነትዎን እየጠየቁ ሰልፉ ላይ ቢቀርቡ፣ ቀና ሳይሉ «ስም ማን ልበል?» አሏቸው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን በዓይኔ አየሁት። በእውነት ተናደድኩ። እሳቸው አልተናደዱም፤ አፈሩ እንጂ፣ ያውም በእርስዎ ሳይሆን በራሳቸው። ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

ምዝገባው በአምስት ቀን መራዘሙን ገልጸው፣ ድንኳኑም አብሮ እንዲራዘምልዎ የጻፉት የትብብር ደብዳቤ ደርሶናል። በአምስቱ ቀን ውስጥ የወይዘሮ ጉዲቱ ስም መዝገብዎ ላይ ካልሰፈረ፣ መጪው ክረምት እንደ ልማዱ ሳሎናቸው ይገባል፤ እሳቸውም ስለ ቦዩ የሚሉት ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ትዕግሥትዎን እያደነቅሁ፣ ደንብዎን እየፈራሁ፣ ከአክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ዋፊቃ ጀማል
የእድሩ ንብረት ያዥ

ማስታወሻ፦ ድንኳኑን ሲዋሱ በልማዳችን መሠረት መታወቂያዎን መያዣ አድርገው እኔ ዘንድ ትተው ነበር፤ ለማራዘሚያው ቁጥሩን ልመዘግብ ብዬ ዛሬ ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ካለፈበት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ድንኳኑን የሰጠንዎ ለካ ፊትዎን አይተን ብቻ ኖሯል። አይጨነቁ፤ ወይዘሮ ጉዲቱ ይህን ሲሰሙ አዝነውልዎ፣ ነገ ጠዋት እስከ ቀበሌው መስኮት አብረውዎ ሄደው ሁለታችሁም እንድታሳድሱ ፈቅደዋል፤ ከውስጥ የሚከፍት ሰው ከተገኘ።