አንዴ ሲሉሽ ብዪ

ይድረስ ለልጄ ለሀጀር፤ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይስጥሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ሆላንድ የንፋስ ወፍጮ አጠገብ የተነሳሽውን ፎቶ መገናኛ ሱቁ ለገባ ደንበኛ ሁሉ እያሳየ ሥራ ፈትቷል።

የድምፅ መልእክትሽን ሰማሁት። ያቺ የአገሩ ሴትዮ ቤቷ ጠርታሽ ሾርባ ልትቀዳልሽ ስትል «በልቻለሁ» አልሻት፤ እሷም «እሺ» ብላ ድስቱን ከደነችው! መጀመሪያ ከት ብዬ ሳቅኩ። «አልወደዱኝም መሰለኝ» ስትይ ግን አንጀቴን በላሽው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰው ቤት ሦስት ጊዜ ሳትለመኚ እንዳትበዪ ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ያልሻትን አመነች እንጂ አልጠላችሽም፤ ብትጠላሽማ ለእሁድ ደግማ አትጠራሽም ነበር።

እኔም ልሞክረው ብዬ ትናንት ሳሊተ ምሕረት እትዬ የሺመቤት ቤት ሄጄ፣ ዳቦ ሲያቀርቡልኝ ወዲያው «እሺ» አልኩ። «በሞቴ» ሊሉ የከፈቱት አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ፈሂማ፣ ምነው አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። ግን ደስ ብሏቸው ሌላ ቆርሰው ጨመሩልኝ።

ስለዚህ እሁድ ምግቡ ሥጋ እንደሌለበት ጠይቀሽ አረጋግጪና አንዴ ሲሉሽ ብዪ። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። አደራሽን፣ የወፍጮውን ፎቶ ተይውና ጨርሰሽ የበላሽበትን ሳህን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሴትዮዋንም እኛ ቤት ጥሪልኝ። እዚህ መጥታ «በልቻለሁ» ብትል ግን አልሰማትም።

አላህ በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ።

እናትሽ ፈሂማ