«ቡናው ሲደርስ» ጎደሎ ነው

መስከረም 26፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዝናቡ አላቆመም። የታችኛው ማሳ ቡና መቅላት ጀምሯል። ወገቤ እንደ ትናንቱ። ጻፊ አልኳት፣ ትጽፋለች። ሹም ብቻ ነው ጸሐፊ ያለው? ስማ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምራቴ ትዕግሥት ግን የማታ ት/ቤት ገብታ እንግሊዝኛ ታነባለች።

የዛሬው የቤት ሥራዋ ሙሉውን ዓ/ነገር ከጎደሎው መለየት ነው። ባለቤት ያስፈልገዋል፣ ግሥ ያስፈልገዋል፣ ሐሳቡ ማለቅ አለበት። «ባለቤት» ስትል ድምጿ ወረደ። የእሷ ባለቤት፣ ልጄ ታደለ፣ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ዚ ኦልድ ማን» ብላ አነበበች። ሽማግሌው ማለት ነው። ጎደሎ! ምን እንዳደረገ አይታወቅማ አለች። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

መስከረም 29

ወንድሟ ከጌጫ ደወለ። ባልሽ ጥሎሽ ሄዷል፣ ልብስሽን ጠቅልለሽ ነይ ነው የሚላት። ስልኩን ተቀበልኩ። ቡናው ሲደርስ ይመጣል፣ በክረምት በራሱ አፍ ነግሮኛል አልኩት። እሷም እቆያለሁ አለችው። ደግ አደረግሁ። እሷ ከሄደች ይህ ቤት እኔና ዶሮዎቹ ነን።

ጥቅምት 2

ክፉ ቀን። አስተማሪው ያገር ልጅ ነው፣ ምሳሌው ሁሉ ቡና። «ዌን ዘ ኮፊ ኢዝ ራይፕ።» ቡናው ሲደርስ። ባለቤት አለው፣ ግሥ አለው፣ ሙሉ ነው አልኩ። የለም አለች። «ዌን» የገባበት ብቻውን አይቆምም። ሲደርስ ምን?

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባባ፣ ታደለ ያን ቀን በስልክ «እመጣለሁ» ብሎ ነው የጨረሰው? አለች።

ተቆጣሁ። ይህን አትጻፊ አልኳት። ጻፈችው።

ጥቅምት 3፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። በይ እውነቱን ጻፊ። ታደለ ከቴፒ ወዲያ እርሻ ላይ ነው። እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ገበያ ሲወጣ ነው የሚደውለው። አባባ፣ ቡናው ሲደርስ አለ። ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። «እመጣለሁ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማሰሪያ ያጣ ነገር አልወድም።

እንግሊዞቹ ግሡን ቶሎ ነው የሚናገሩት አለች። መጀመሪያ እመጣለሁ፣ ኋላ መቼ እንደሆነ። ለእኛ ኔትወርክ እሱ ይሻል ነበር። የእኛ ቋንቋ ቁም ነገሩ ጭራው ላይ ነው፤ ጭራው ተቆረጠ። ሽጡልኝ ሊል ይችላል። አትጠብቁኝ ሊል ይችላል።

እጇ ቆመ። ጻፊ እንጂ!

ወንድሟን የመለሰችው በእኔ ማሰሪያ ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 6

ቡናው ቀላ። ማንም አልመጣም። ት. ሻንጣዋን ከቆጡ አውርዳለች። ምን ትላለህ ደብተር?

አንቺ ስትጽፊለት ለምን አይመልስልሽም አልኳት። የሚጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው አለች። ሲሄድ ምን ብለውት ነበር?

ምን እለዋለሁ! ያባቴን ቡና ነቅዬ ጫት ልትከል አለኝ። ሂድ አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

«ሂድ» ሙሉ ነው አለች። በእንግሊዝኛም «ጎ» ብቻውን ይቆማል። ባለቤቱ ሳይጠራ ይታወቃል።

ይታወቃል። ራቴን አልበላሁም።

ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ሻንጣው በር ላይ ነው። ነገ በጠዋቱ መኪና ልትሄድ ነው። ስልክሽን አምጪ፣ ለታደለ ጻፊለት አልኩ። ገበያ ሲወጣ ይደርሰዋል።

ምን ልበለው አለች። ይቅር ብዬሃለሁ? አይሆንም አልኩ። ቡናው ቀልቷል? ቡና መቼ እንደሚቀላ ያውቃል። ናፍቀኸናል? እሱን አንቺ በይው ከፈለግሽ።

«ና» በይው አልኩ።

ጣቷን አንሥታ ጠበቀች። ሌላ የለም። አንድ ፊደል እኮ ነው አባባ አለች።

ሙሉ ነው ወይስ ጎደሎ?

ደብተሯን ሳታይ መለሰች። ሙሉ ነው።

በይ ላኪው።