የቧንቧ ውሃውና ተቀናቃኜ

ዓርብ
መክሊት ዛሬም ታደሰ ጎን ተቀመጠች። የጸሎት ኅብረታችን የሚሰበሰበው እኛ ቤት፣ ሻዩን ያፈላችው የእኔ ልጅ፣ መክሊት የእኔ የልጅ ልጅ። እሱ ግን ከሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘብኝ። እዚህ ዓረብ አገር፣ በምንኖርበት በፊንጣስ፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥ የውጭ ሰው ተማርሮ እንዲሄድ ፀጉር የሚያረግፍ ነገር ይጨመራል አለ። ማን እንደሚጨምር አይናገርም። የመክሊት ፀጉር እየረገፈ ነውና አፍ አፉን ታያለች። «እኔ መላጣዬን ከሆሳዕና ይዤው ነው የመጣሁት» አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም። አርባ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ!

ቅዳሜ
ታደሰ አንድ ጉንጭ ቀምሶ እንደሚለየው ፎክሮ ነበር፤ መክሊት እንሞክረው አለች። ሦስት ብርጭቆ የቧንቧ፣ ሦስት የታሸገ፣ ቁጥሩ ከሥር። የቧንቧው ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር እየጋለ ስለሚወርድ፣ በሙቀቱ እንዳይታወቅ ሁለቱንም ፍሪጅ አሳድራዋለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው! ቀጂው እኔ። ቅናት ክፉ ነው፤ የታሸገው ላይ ጨው ቆነጠር አደረግሁ። ታደሰ ቀመሰ፣ ፊቱን አኮማተረ፣ ሦስቱንም የታሸገ «መርዙ ይሄ ነው» አለ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

እሑድ
ደስታዬ አልዋለም። መክሊት የተረፈውን ቀምሳ መጣች።
«አባባ፣ እሱ ሳያጣራ ያወራል። አንተ እያወቅህ ታበላሻለህ። የቱ ይብሳል?»
 የቅዳሜውን ውጤት የጻፈችበትን የደብተሯን ገጽ ሰረዘችው። ተማሪ እንደ እኔ ሙከራ ሲያበላሽ ዜሮ እሰጥ ነበር። ታደሰ የውሃውን ወሬ ያመጣው ልጅቷን ሊነጥቀኝ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ማስረጃዬ? አንድ ጊዜ ቴምር ሰጥቷታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰኞ
ተደገመ። መክሊት ቀዳች፤ እናቷ የቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አቀረበች። እኔም በቅጣት ቀማሽ ሆንኩ። ታደሰ ከስድስት ሦስት አገኘ። እኔ ሁለት። በለጠኝ! መክሊት ሁለታችሁም እየገመታችሁ ነው አለችን። ታደሰ ጉንፋን ይዞኛል አለ። እኔም አልኩ። ሲሻላችሁ እንደግመዋለን አለች። ሊመጣ ነው ማለት ነው፣ እንደገና።
ማታ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፦ «አባባ፣ ስንት ጊዜ ብንደግመው ነው ማመን የምንችለው?»
እኔን ነው የጠየቀችው። መልሱን አውቀዋለሁ። ትንሽ ትቆይልኝ ብዬ ቶሎ አልመለስኩም።