የድምፅ ሌባዋና ድንቢጥ

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ቀስፎ ይይዝሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው፣ ኩርፊያውን ተወ? የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ አልስቅም አለች ብለሽ ስትጽፊልኝ አንጀቴን በላችው፤ እስካሁን አዲሱ ብቅ ብሎ ይሆናል፣ ሳሚልኝ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ማለት፣ አካሌ ደህና ነው። ስለ ነፍሴ ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ እነግርሻለሁ።

ስልክ አታነሺም ብለሽ መቆጣትሽን አንብቤያለሁ። እባክሽ አትቀየሚኝ። ስልኬ ከተበላሸ ሰንብቷል። ሲፈልገው ይጠራል፣ ሲፈልገው ዝም ይላል፣ ባነሣውም ሰው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። አዲስ ገዛሁ፣ እሱም ያው። ዘንድሮ የሚረባ ዕቃ የሚሠራ ጠፍቷል! ማንቆርቆሪያዬ እንኳ ማፏጨቱን ትቶ ውሃው እየደረቀ ስንቴ አሳረረብኝ መሰለሽ። ጎረቤቴ ደግሞ አኩርፋኛለች። ሰላም ብያት ዘግታኝ አለፈች ትላለች አሉ። ሰላም ያለችኝ መቼ ነው? እሱ ሳያንስ የኔ ሬዲዮ ግድግዳ ሊያፈርስ ነው ብላ ለአከራዬ ነገረችብኝ። ሰው ነገር ሲፈልግ ምን ይሳነዋል።

ለማንኛውም በደብዳቤ ይሻለናል። የምነግርሽም ነገር በስልክ የሚወራ አይደለም፤ ቲያትር ቤታችን ጆሮ ጠቢ ሞልቶበታል። እህቴ፣ ሊያስወጡኝ እየዶለቱብኝ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ልጆች ሆነን እማዬ የምትነግረንን የድምፅ ሌባዋን ተረት መቼም አትረሺውም። ተራራ ላይ ብቻዋን የምትኖረው ጠንቋይ፣ የንጉሡን ልጅ ድምፅ ሰርቃ እንስራ ውስጥ የከደነችው። አንቺ እንስራው ሲሰበር ታጨበጭቢ ነበር፤ እኔ ጠንቋይዋ ገደል ስትገባ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኸውልሽ፣ ያንን ተረት ቲያትር ቤታችን በሙዚቃ ሊያሳየው ነው፣ ግን ተገልብጦ፣ በጠንቋይዋ በራሷ አንደበት። ጠንቋይዋ ማን ናት? እኔ! ዕድሜዬን ሙሉ የሙሽራ አክስት ሆኜ ከኋላ ረድፍ ስዘፍን ኖሬ፣ ፀጉሬ ሲሸብት መሪዋን ሚና ሰጡኝ። የነገሩኝ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ጥቁሩን ካባ ሲለኩልኝ አላወልቅም ብዬ አስቸገርኳቸው። ይህን ሚና ከነጠቁኝ ሌላ አይመጣልኝም፤ ወደ ኋላ ረድፍ ተመለሺ ቢሉኝ ደግሞ በእማዬ አጥንት አልመለስም፣ ቤቴ እቀመጣለሁ።

ድርሰቱን ስሚኝማ። ጠንቋይዋ አንድ ልጇ ይሞትባታል። ከተራራው ሥር ያሉት መንደርተኞች ኀዘኗን አክብረው በደጇ ሲያልፉ ዘፈናቸውን ያቋርጣሉ። እሷ ግን ሌላ ትጠረጥራለች። ጠልተውኝ ነው፣ ደስታቸውን ሊደብቁኝ ነው ትላለች። ነገሩ ውስጥ ውስጧን ሲበላት ይከርምና አንድ ቀን ወርዳ የንጉሡን ልጅ ድምፅ ትወስዳለች። መጀመሪያ ሳነበው ለአዘጋጁ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ ክፉ አይደለችም፣ ጅል ናት እንጂ፣ አልኩት። አገር ምድሩ ሲያዝንላት እንዴት አይገባትም? እሱ ፈገግ ብሎ፣ አይዞሽ፣ ቀስ ብሎ ይገባሻል፣ አለኝ። ምን ማለቱ ነው? መጠርጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

አዘጋጁ ድሮ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ የሚያንባርቅ ሰው ነበር፤ የመንገድ ሰው ሳይቀር ይደነግጥ ነበር። አሁን እኔን ሊያርመኝ ሲል መድረክ ድረስ ይመጣና ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው አፉን እየከፈተ ይናገራል። ሌሎቹን ግን እዚያው ከወንበሩ ነው። እኔን የሚለኝን ሌላ ሰው እንዳይሰማበት ለምን ፈለገ? ፒያኒስቱ ደግሞ ባሰበት። ሙዚቀኞቻችን መድረኩ ላይ ከኋላችን፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ ነው የሚቀመጡት። እሱ ፒያኖውን ከጥግ እየገፋ አመጣና እኔ የምቆምበት ቦታ፣ ጀርባዬ ላይ ሊያስደግፈው ምንም አልቀረው። ድምፄን ሊውጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ብጠይቀው ቦታ ጠቦኝ ነው አለ። ያ ሁሉ ባዶ መድረክ ጠቦት!

ሻይ ክፍል ስገባማ አትጠይቂኝ። አፍ ለአፍ ገጥመው ያወራሉ፣ ቀና ብለው ሲያዩኝ ዝም። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ፈገግ። ያ የለበጣ ፈገግታቸው ደሜን ያፈላዋል። እማዬ በመጨረሻ ዘመኗ ጎረቤቱ ሁሉ ያንሾካሹክብኛል እያለች መስኮት ላይ ሆና ስትራገም ትዝ ይልሻል? አንቺና እኔ ጓዳ ገብተን በሳቅ እንፈርስ ነበር። እንዳትስቂብኝ፣ የኔ እንደሷ አይደለም። የሷ ዕርጅና ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

የነገሩ ሁሉ ጠንሳሽ ደግሞ ድንቢጥ ናት። ድንቢጥ የምላት የንጉሡን ልጅ ሆና የምትጫወተውን ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ነፋስ የሚወስዳት፣ ያቺን ታህል ሆና ዓይኗ ግን የሚያመልጠው ነገር የለም። እኔ ብታመም በቦታዬ የምትገባውም እሷው ናት። ገባሽ አይደል? ዘፈኔ ሊጀመር ሲል በካባዬ ሥር እጇን ትሰድና የእጄን አንጓ ጫን ታደርገኛለች። ድርሰቱ ላይ የለም! አንቺ ምን ነካሽ ብላት፣ ስለምፈራ ነው፣ እርስዎን ስይዝ ድፍረት አገኛለሁ፣ ትለኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ልሞኝላት! መድረክ ላይ ከቤቷ ሳሎን በላይ የምትንጎራደድ ልጅ ምን ያስፈራታል? ሊያስበረግገኝ፣ ሊያደናቅፈኝ ፈልጋ ነው። ደግሞ እኔ ስዘፍን ፊት ለፊቴ ትቆምና ግጥሜን ከኔ እኩል በከንፈሯ ትለዋለች። አንድም ቃል አታስቀርም። ሚናዬን አጥንታ ጨርሳለች ማለት ነው።

እስካሁን ጥርሴን ነክሼ ችዬው ነበር። ባለፈው ግን ከልብስ ክፍል ስወጣ ድንቢጥና አዘጋጁ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆመዋል። ሩቅ ናቸው፣ ግን ከንፈሯን አየሁት። አትንገሯት ነው የምትለው። ደገመችና፣ አትንገሯት። እሱ ራሱን ወዘወዘ። ሲያዩኝ እሷ አንገቷን ደፍታ ሹልክ አለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው እኮ!

ቀጥ ብዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ጠብ ሲያይ በጓሮ በር የሚወጣ ሰው ነው። እሷ ወይ እኔ፣ አልኩት። አንገቱን አከከ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ አንድ ነገር ሊለኝ ጀመረና ተወው። ልብሽ ቆርጧል ወይ፣ ብሎ ጠየቀኝ። ቆርጧል አልኩት። በልጅቷ ቦታ ከኋላ ረድፍ ሌላ እንዲያስገቡ፣ እሷም ከነገ ጀምሮ ቤቷ እንድትቀመጥ ተስማማ። ነገ የመጨረሻው ልምምድ ነው፣ ከነልብሱ፣ ከነመብራቱ። የሠራተኛው ቤተሰብ ሁሉ ተጋብዟል። ያለ እሷ እንዴት እንደምዘፍን ያያሉ! ደብዳቤውን ነገ በድል ዘግቼ እልክልሻለሁ።

~

እህቴ፣ ደብዳቤው እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቀድጄ ልጣለው ብዬ ሁለት ልብ ሆኜ ከረምኩ። ግን ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ከላይ ያለውን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ አንብቢውና ታዘቢኝ።

የልምምዱ ዕለት ካባዬን ለብሼ ቦታዬ ቆምኩ። መብራቱ በራ። ወንበሩ ሞልቷል፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። የኔን ዘፈን መግቢያ መጠበቅ ጀመርኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ይኸው ጀመሩ፣ አልኩ በልቤ፣ ሙዚቃውን ከልክለው በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ ቆምኩ። ሳይ ግን ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ራሳቸውን በዝግታ ይወዘውዛሉ። አንዷ ትንሽ ልጅ ጉልበቷን በመዳፏ ትመታለች። ምኑን ነው የምትመታው?

የድምፅ ሌባዋ ለተመልካች ጀርባዋን አትሰጥም፤ አዘጋጁ ስንቴ አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን ዞርኩና መጋረጃውን ገለጥኩት። የቫዮሊኑ ልጅ እጁ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ከበሮ መቺው ላብ በላብ ሆኗል። ፒያኒስቱ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እንደሚለማመጥ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይጫወታል። እህት ዓለም፣ ሁሉም እየተጫወቱ ነበር።

አፈር ልብላ፣ ያን ጊዜ እንኳ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተስማምተው ሳይጫወቱ እጃቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱብኝ ነው የሚል ነበር። እስከዚህ ድረስ ነው የደረስኩት። ከዚያ መዳፌን ፒያኖው ላይ ጣል አደረግሁ። የፈላ ድስት ክዳን እንደሚንቀጠቀጠው ከመዳፌ ሥር ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም፤ እጄ እምቢ ይለኛል።

ስዞር ድንቢጥ በመሀል መንገድ እየሮጠች ስትመጣ አየኋት። ቤትሽ ተቀመጪ ተብላ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ጎትታ ከመጨረሻው ረድፍ ተደብቃ ኖሯል። በመንገድ ጫማዋ፣ ከነቦርሳዋ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ደረጃውን ወጣች። አጠገቤ ቆመችና በካባዬ ሥር እጇን ሰደደች። እጇ በረዶ ሆኗል። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ አንጓዬን ጫን አደረገችኝ። ዘፈንኩ። ፊት ለፊቴ ሆና ግጥሙን በከንፈሯ እየመራችኝ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ። ደህና ነበር ይላሉ። እኔ ሰዎቹ ተነሥተው ሲያጨበጭቡ ብቻ ነው ያየሁት።

ልብስ ክፍል ገብተን አትንገሯት ያልሽው ምኑን ነው ብዬ ጠየቅኋት። አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ ቀስ እያለች ነገረችኝ። አዘጋጁ ጠርቶ ሊነግረኝና ሊያሳርፈኝ አስቦ ነበር። እሷ ናት ከፒያኒስቱ ጋር ሆና የለመነችው። መጋረጃው እስኪከፈት ልቧን አትስበሩት፣ እኛ ተከፋፍለን እንሸከማታለን፣ ብላዋለች። ያ የሻይ ክፍሉ ወሬ፣ ማን የትኛው ዘፈን ላይ እንደሚቆምልኝ መመካከር ነበር። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንቺ ብለው ይቆጡኝ እንጂ እንዲህ አይዩኝ እያለች እሷው ታለቅሳለች። እኔም እንባዬን ለቀቅኩት፤ ኩሉ እስከ አገጬ ወረደ። ድንቢጥ ይሉኝ አይደል፣ ድንቢጥ ልሁን፣ ብላ አሳቀችኝ ደግሞ።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ተመልሼ እሷ ከሌለች እኔም የለሁም አልኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ፣ ያ ፈሪ። ለመክፈቻው ተስማምተዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፣ ደፍሬም አልጠየቅኩ። ያቺን ጅል ያልኳትን ሴትዮ ግን አሁን ያለ ልምምድ እጫወታታለሁ። መንደርተኞቹ ለምን ዝም እንዳሉላት ሲገባት እንስራውን የምትሰብርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አዘጋጁ ማረም ትቶ ያየኛል።

እህቴ፣ ነይልኝ። ለመክፈቻው ከፊት ወንበር ይዤልሻለሁ፣ ዓይንሽን እያየሁ ልዝፈን። ስለ ስልኩ ያልኩሽን እርሺው፤ ስልኩ ደህና ነው። ማንቆርቆሪያውም ደህና ነው። ጎረቤቴንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አንቺ ግን የእማዬን ነገር ስታስቢ እንዳትስቂ፣ ባይሆን ስትመጪ አብረን እናልቅስላት።

ወገብሽን ይማርልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ የልጅ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ለመንገድሽ ቀና ቀናውን ይምራሽ። ስትደርሺ በሩን አታንኳኪ። ቁልፉን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ ከፍተሽ ግቢና እንዳልደነግጥ መብራቱን አጥፍተሽ አብሪልኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ