የይስሐቅ ቦታ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። ደንበኛ የለም... አንድ ሴትዮ ብቻ መጣች። ልጇ ተመርቃለች፤ አባትየው ካረፈ ቆይቷል። «ከልጄ ጎን አስገባልኝ» አለች። የያዘችው የመታወቂያ ፎቶ ነው፣ ጥጉ የተበላ። እሺ አልኩ። ኮት አልብሼ ጋዋን ከለበሰችው ልጅ ጎን አቆምኩት። ሲያልቅ ሴትዮዋ ስክሪኑን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። አቧራ እንኳ አልነበረውም።

ይሄ ነው እንግዲህ እንጀራዬ። ሶዶ ውስጥ ፎቶ ቤት ሞልቷል፤ ሟች ለማስገባት ግን ቲቶ ጋ ሂዱ ይባላል። ጥሩ ስም ነው? እንጃ።

ከሰዓት እማ ከዱቦ ደወለች። ዘንድሮ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሁላችንንም በአንድ ፎቶ ማየት ትፈልጋለች። «አንተም ግባ፤ ሁልጊዜ ከካሜራ ኋላ ነህ» አለች። እውነቷን ነው። ፎቶ ቤቱን ከታናሼ ከይስሐቅ ጋር ስንሠራ እሱ ሲያነሳ እኔ እታያለሁ፣ እኔ ሳነሳ እሱ። ሁለታችን አንድ ላይ ያለንበት ፎቶ? አልበሙን፣ ስልኬን፣ ሃርድ ዲስኩን ሁሉ አገላበጥኩ። አንድም የለም። የአገሩን ሰው ሁሉ አነሳን፣ እኛ ወንድማማቾቹ...

ታናሼ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እማ «ስልኩን ሰርቀውት ነው» ትላለች። እኔም እንደዛ እላለሁ።

ታዲያ ካሜራውን ማን ይይዛል? ስታንድ መግዛት አለብኝ። ድሮ ስታንዴ ይስሐቅ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ገብረመስቀል ሱቅ ሄድኩ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው። ከስልክ ሽፋን እስከ ጄኔሬተር የማይሸጠው የለም። አንድ ስታንድ አወረደልኝ፣ በአንድ ጣት አንጠልጥሎ።

«ቀላል ነው። የትም ይዘኸው ትሄዳለህ።»

«ችግሩ እሱ እኮ ነው ጋሼ። ነፋስም ይዞት ይሄዳል።»

«አንተ ልጅ፣ ካሜራ ልታቆምበት ነው ወይስ ቤት ልትሠራበት?»

ሳቅሁ። እግሩ ብዙ ቦታ ይታጠፋል፤ እጥፉ የበዛ ስታንድ ደካማ ነው፣ የመጨረሻው እግር እንደ እስክሪቢቶ ይቀጥናል። ይሄን አውቃለሁ። መቆለፊያው ፕላስቲክ ነው። ይሄንንም አውቃለሁ። ግን ርካሽ ነው... ገዛሁት። እያወቁ አለቁ ማለት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ስታንዱ ይሰግዳል! ካሜራውን አስቀምጬ ቀና አደርገዋለሁ፣ ብሎኑን አጠብቃለሁ፣ ዞር ስል ቀስ... ብሎ አንገቱን ይደፋል። ሌንሱ ከብዶት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዛሬ ግን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሳላስበው ጮክ ብዬ «ይስሐቅ ደህና ይሆን?» አልኩ። ቀና ስል አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያያል።

ደስ አላለኝም። ሌንሱን ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ከቸርች ስወጣ ስልክ ጠራ። የውጭ ቁጥር። ይስሐቅ ነው ብዬ ቶሎ አነሳሁት።

ቤኒ ነው። አብሮት የወጣው የሰፈራችን ልጅ። እስር ቤት ነበር፣ ገና አሁን ነው የለቀቁት።

«ቲቶ... አጠገብህ ሰው አለ?»

ይህን ሲል አወቅሁ። ሰው ለደህና ወሬ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

የተዘጋ የጭነት መኪና። ሙቀት። ትንፋሽ ማጣት። «እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፣ እሱ ወደ ውስጥ። ሲከፈትልን... አልተነሳም።» በእጁ ቀብሮታል። መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር። የቦታውን ስም አያውቀውም። «ጸልየንለታል» አለ። «ይቅር በለኝ» አለ። እሱ ምን አደረገኝ? ከበሩ አጠገብ መሆን ጥፋት ነው?

ግቢው ውስጥ ሰው ለዘመን መለወጫ ከወዲሁ «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል። እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ። አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን ያጣዋል? ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የቸርች ሰዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። እማ ትከፍታለች። ፊታቸውን ታያለች። በቃ፣ ቃል እንኳ አያስፈልግም።

ጦና ጋ ደወልኩ። ታላቃችን ነው፣ ዱቦ ከእማ ጋር የሚኖረው። ልነግረው ነበር። እሱ ግን ስለ በሬው ጀመረ፤ ለጊፋታ ከጎረቤት ጋር ስለሚያርዱት በሬ። ሻኛው እንዲህ፣ ስቡ እንዲህ... እንዴት ደስ ብሎታል! «እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ከጊፋታ በኋላ። አዎ። በዓሉን ታሳልፍ። አንድ ፎቶ ላይ ሳቅ ትበል፣ ከዚያ እናገራለሁ።

ለእሷ አዝኜ ነው ወይስ ፈርቼ? ፈርቼ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 2

ስታንዱን ለገብረመስቀል መለስኩለት።

«ይሰግዳል» አልኩት።

«ታዲያ እናንተ ጴንጤዎች ጸሎት አትወዱም እንዴ? ጸሎተኛ ስታንድ ሸጥኩልህ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። «ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል» አለ። እንቅልፍ አጥቼ ነው አልኩ። ገንዘብ አልመለሰልኝም፣ ገብረመስቀል አይደል! በምትኩ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ አስያዘኝ። በር ላይ ስደርስ ግን ጠራኝ። «ሻንቶ ከተማ ውስጥ ደገፉ የሚባል ሰውዬ አለ። ሠርግ ይቀርጽ ነበር፣ አሁን ትቶታል። ስታንዱ አሮጌ ነው፣ ግን ግንድ ነው። የእኔን ስም ጥራለት፣ አይጎዳህም።»

መሄድ አለብኝ? ፎቶውን ብተወውስ? ብተወው እማ ለምን ትላለች። ለምን ስትል ደግሞ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ሻንቶ ዋልኩ። ጋሽ ደገፉ ስታንዱን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ቀለሙ ተልጧል። አንዱ መቆለፊያ በሽቦ ታስሯል። እግሮቹ ግን ወፋፍራም ናቸው፣ እጥፋቸው ትንሽ፤ ጫፋቸው ሹል ብረት ስለሆነ እርጥብ መሬት ላይ ይተከላሉ። የእማ ግቢ ደግሞ በዚህ ወር ጭቃ ነው።

ግቢያቸው ውስጥ ተከልነው። መሃሉ ላይ ካለው መንጠቆ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠለጠሉና «ግፋው» አሉኝ። ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም። ካሜራዬን አሰርኩበትና ቆሜ ጠበቅሁ። አሁን ይሰግዳል፣ አሁን ይሰግዳል... አልሰገደም። ፊት ለፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አታውጣው፣ ያወዛውዝሃል። ቁመት ከፈለግህ በእግሮቹ» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«ምን ልታነሳበት ነው?»

«ቤተሰቤን። ለጊፋታ።»

«ጎሽ! ሁላችሁም አላችሁ?»

«አለን» አልኩ።

ዋጋው ላይ እንኳ አልተከራከርኩም። እኔ ቲቶ! ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አጋድሜ ያዝኩት። ይከብዳል። ባለ ባጃጁ በመስታወት እያየኝ «ወንድሜ፣ ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍከው?» አለ። የባሰ አጥብቄ ያዝኩት።

ዓርብ፣ መስከረም 9

እማ ደወለች። ስለ ፎቶው ስታስብ ነው የሰነበተችው።

«የይስሐቅን ቦታ ተውለት። በእኔና በአንተ መሃል።»

«እሺ እማ።»

«ኋላ ደግሞ ያን ሥራህን እንዳትሠራበት። በኮምፒውተር አምጥተህ እንዳታስገባው። ቦታ የሚተውለት ለሚመጣ ሰው ነው። የሚገባው የሞተ ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከንፈሬ ላይ። እሷ ግን ስለ ቅቤው ቀጠለች... እኔም አዳመጥኩ። አሁን ደግሞ ቃልም ገባሁ። ጉድ ነው የኔ ነገር።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ትናንት ጊፋታ ነበር። ልጆቹ በየደጁ «ዮ ዮ ጊፋታ!» እያሉ ይጨፍራሉ። ሥጋው፣ ዳጣው... ጦና እያጎረሰኝ «ሶዶ አክስቶሃል» ይላል። እህታችን ሰብለ ከኦቶና ባሏንና ልጆቿን ይዛ መጥታለች። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ይቻላል ለካ።

ከእንሰቱ ፊት ለፊት ስታንዱን ተከልኩ። ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠለጠልኩበት። እማ መሃል ወንበር ላይ፤ በአንድ ወገን ሰብለና ጦና ከነቤተሰባቸው፤ በሌላው ወገን ባዶ ቦታ፣ ከባዶው ቦታ ቀጥሎ እኔ የምቆምበት። ትንሽ አጥብበው ቆመው ነበር። እማ በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋቸው ወንበሯን ወደ እነሱ ሳበች። «ሰፋ አድርጉለት! ትከሻው ሰፊ ነው።»

በስክሪኑ አየሁ። ይሄ ካሜራ ፊት ሲያገኝ አረንጓዴ ሳጥን ያደርግበታል። እማ ላይ አደረገ። ሰብለ ላይ። ጦና ላይ። ባዶው ቦታ ላይም... ብልጭ አለና ጠፋ።

የእንሰት ቅጠል ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ይሳሳታል፤ ግድግዳ ላይም ሲያደርገው አይቻለሁ። ግን ቆሜ ቀረሁ።

«ፈጠን በል እንጂ፣ ሥጋው ይጠብቀናል!» አለ ጦና።

ቁልፉን ተጭኜ ሮጥኩ። ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ካሜራው ጢጥ ጢጥ ይላል። ሰብለ «ይስሐቅ ቢኖር ይሄኔ አስቆን ፎቶውን ያበላሸው ነበር» አለች። በግራ ጎኔ በኩል ብርድ ተሰማኝ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ፎቶዎቹን ሳይ ዋልኩ። ስታንዱ ጉድ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፈፉ ቅንጣት አልተዛነፈም። ዓይናቸውን እያጎላሁ አየሁ። የእማ ክፍት ነው። የጦናም። ሰብለ ስቃለች፣ ልጆቿም ለጉድ ቀጥ ብለዋል። በጣም ጥርት ያለውን መረጥኩ፣ አተምኩ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ጦና ለገበያ ሲመጣ ሰጠሁት።

ባዶውን ቦታም አጎላሁት። ደጋግሜ። እንሰት ብቻ ነው። ምን ልታገኝ ነበር ቲቶ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ጊፋታ አለፈ። ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ... ነገ እላለሁ። ጦና ደወለ። እማ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። «ወንበር ይዛ ፊቱ ትቀመጣለች። ምግብ በቅጡ አትበላም» አለ። አሟት ይሆን? ቅዳሜ እሄዳለሁ። ቅዳሜ የግድ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

እማ መጣች።

ብቻዋን፣ ከዱቦ በሚኒባስ። ፎቶውን ከነፍሬሙ በነጠላዋ ጠቅልላ። ደንበኛ ነበረኝ፤ እስክጨርስ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሰውየው ሲወጣ ተነስታ በሩን ዘጋችውና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«ሰው ሁሉ ካሜራውን ያያል» አለች። «አንተ የት ነው የምታየው?»

አየሁ። ካሜራውን አይደለም። ባዶውን ቦታ ነው... አንገቴን ሰብሬ፣ አፌ ሊያለቅስ ተጣሞ። የሁሉንም ዓይን አጉልቼ አይቻለሁ፣ የራሴን አላየሁም! ይስሐቅ ከሄደ ወዲህ ራሴን ፎቶ ላይ አይቼ አላውቅም።

«የሚመጣ ሰው ቦታ እንዲህ አይታይም» አለች። «ንገረኝ።»

ነገርኳት። መኪናውን። ቤኒን። ዛፉን። ከዚያ ጉልበቷን በሁለት እጇ መታች፣ እንደገና መታች፣ ስሙን ጠራች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አለቀስን። አሁንም ይህን ስጽፍ...

«በዓሉን አሳልፈህ ነው?»

«አዎ እማ።»

«ብቻህን አለቀስክ» አለች። «ለእኔ ብሎ ልጄ ብቻውን አለቀሰ።» የትኛውን ልጇን እንዳለች አልጠየቅሁም።

ስትረጋጋ ፊቷን አበሰች። ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።

«አስገባው» አለች።

«ቃል ገብቼልሻለሁ እኮ...»

«ቃል ያስገባሁህ እኔ፣ የምፈታህም እኔ። ከነገ ጀምሮ ሰው ይመጣል። አስከሬን የለን፣ መቃብር የለን። ለባዶ ቦታ አይለቀስም። አስገባው።»

ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰበትን መረጠች። እዚሁ ፎቶ ቤት በር ላይ ያነሳሁት ነው። ስንቱን ሟች አስገብቻለሁ! የዚህን ሸሚዝ ጠርዝ መቁረጥ አቃተኝ። እማ እጇን እጄ ላይ አሳረፈች። እንደምንም ቆረጥነው።

በእሷና በእኔ መሃል አቆምኩት። ብርሃኑን ከእኛ ብርሃን ጋር አስማማሁ። እግሩ ሥር ጥላ ሠራሁለት። አንገቴ እንደተሰበረ ተውኩት፤ አሁን እሱን ነው የማየው።

«ይሄው» አልኳት።

አየችው። ብዙ አየችው።

«ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ አድርገው» አለች።

ጠጋ አደረግሁት።