እስከ አተላው

ጥቅምት 3
ልብስ አጠብኩ። ፀሐይ እምቢ ስላለች ኮሪደሩ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣች። ጃኬቷ ብቅል ብቅል ይሸታል። ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።
"እማዬ፣ ቅመሺልኝ።"
ጥቁር ቢራ። እሷና ባሏ ጋራዥ ውስጥ የሚጠምቁት።
ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ባሌ ከሚሠራበት ቢራ ፋብሪካ ያመጣቸው ከነበሩ ጠርሙሶች ላይ ነው። ዛሬም መጽሐፍ ሳነሳ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ከታች በደቃቁ ወደተጻፈው ነው። የልጄ ጠርሙስ "አልኮል ከመቶ ሁለት" ይላል።
"ሁለት? ይሄ ቢራ ነው የሳል ሽሮፕ?"
"እማዬ ደግሞ! ሰው ማታ ጠጥቶ ጠዋት በጤናው ሥራ እንዲገባ ነው።"
"ተይው፣ እቀምሰዋለሁ" አልኳት።
ዋሸሁ። ባሌ ካረፈ ጀምሮ ጥቁር ቢራ በአፌ አልዞረም።

ጥቅምት 4
ጠርሙሱ እዚያው ቆሟል። ክዳኑን አልነካሁትም። ታዲያ ቤቱ ለምን ያረረ ገብስ ይሸታል? ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። መስኮቱን ከፈትኩ... ያው ነው።
እሱ ከሥራ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚሸተው። መጀመሪያ ብቅል ይቆላ ነበር፣ በኋላ የፋብሪካው ቀማሽ ሆነ። ክፉ ቃል አይወጣውም። ያልወደደውን ቢራ ከብርጭቆው ሥር ትንሽ ያስቀርበታል፣ በቃ። ያቺን ትራፊ ሲያዩ አለቆቹ ሳይቀሩ ይደነግጡ ነበር።
ሽታው ከእሱ ወንበር በኩል ነው የሚመጣው... ወይስ እኔ ነኝ?

ጥቅምት 6
የልጄ ባል የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሊሠራልኝ መጣ። ብየዳ ነው ሙያው፤ የቢራውን በርሜሎችም የበየደው እሱ ነው።
"እማማ፣ ይቺን ጠርሙስ ለጌጥ ነው ያስቀመጧት?"
"አንተ አትቀምስላትም?"
"እኔንማ መች ታምነኛለች! ምላስህ ብረት ሲልስ የኖረ ነው ትለኛለች።"
ሳቅን። ከዚያ መፍቻውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። በወሩ መጨረሻ አንዲት የሆቴል ባለቤት ልትቀምስ ትመጣለች። ከወደደች ይቀጥላሉ። ካልወደደች... "በርሜሎቹን ቆራርጬ የግቢ በር እሠራባቸዋለሁ። ልጅዎ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።"
"ምን ጎድሎት ነው?"
"ውኃ ውኃ ይላል። አልኮሉን ስንቀንሰው ውፍረቱም አብሮ ሄደ። አባቷ ቢኖሩ አንድ ጉንጭ ይበቃቸው ነበር።"
አዎ። አንድ ጉንጭ ይበቃው ነበር። እኔን ያቃጠለኝስ እሱ አይደል?

ጥቅምት 7
ልጻፈውና ይውጣልኝ።
ያኔ ባሌ ሲታመም ሐኪሙ "ጠብታ እንዳይቀምስ" ብሎኝ ነበር። ጉበቱ አልቋል። እህል እምቢ ብሎ ሰንብቶ፣ አንድ ምሽት ዓይኑን ገለጠና "አንድ ብርጭቆ ጥቁር ቢራ" አለኝ። እሺ አልኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ገብስ ቆላሁ። ዓይኔን ስጠርግ አረረብኝ። ያረረውን ቀቀልኩት። ሆዱ ባዶ ነው፣ ትንሽ እህል ይግባለት ብዬ አጃ ጨመርኩበት። በስስ ጨርቅ አጠለልኩ። አረፋ እንዲያወጣ በሹካ መታሁት።
"ቢራህ ይኸው።"
ዕድሜውን ሙሉ ሲቀምስ ለኖረ ሰው!
ጠጣው። እስከ አተላው። "ጥሩ ነው" አለ። ጎህ ሳይቀድ አረፈ።
አውቆ ይሆን? ካላወቀ፣ ምላሱ ቀድሞት ሞቷል፤ እኔም በሞተ ምላስ ላይ ተጫወትኩ። ካወቀ... ከዚህ ቤት የወጣው የእኔን ውሸት ጎርሶ ነው። የቱን ልመኝ?

ጥቅምት 8
ከፈትኩት።
አረፋው ቡናማ ነው፣ ቶሎ ይከስማል። ያረረ ገብስ ቀድሞ መጣ። ቀጥሎ መራራ ቸኮሌት። ከዚያ ምንም... በጨለማ ደረጃ ስወርድ የመጨረሻዋ እርከን የጠፋችብኝ ያህል እግሬ ባዶ ረገጠ።
የጎደለውን ወዲያው አወቅኩት። ያኔ ለእሱ በሰጠሁት ብርጭቆ ውስጥ ነበር።
ለልጄ ብነግራት "ከየት አወቅሽ?" ትለኛለች። ዝም ብል በርሜሎቹ በር ይሆናሉ።
ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ያ የባሌ ደረቅ ሳል። ዞርኩ። መጋረጃው ብቻ ነው።

ጥቅምት 9
ጋራዡ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ልጄ ትልቁን ድስት እያማሰለች ነበር።
"እማዬ? ምን ሆነሽ ነው?"
"አጃ" አልኳት። "አጃ ጨምሪበት። እፍኝ ብቻ እንዳይሆን፣ ደህና አድርገሽ።"
ማማሰያው ቆመ።
"አጃ ነው ያልሽው?"
"አጃ።"
ፊቷ ተለዋወጠ።
"እማዬ... አባዬ ያን ምሽት፣ አንቺ ብርጭቆውን ስታጥቢ፣ ጠርቶኝ 'ቢራው ውስጥ አጃ አለ' አለኝ። ቤት ውስጥ ቢራ የለም፤ ይቃዣል ብዬ ተውኩት። ልጅ ነበርኩ።"
"ሌላስ? ሌላ ምን አለሽ?"
"'ለእናትሽ እንዳትነግሪያት' አለኝ። ምኑን እንደማልነግርሽ ግን አልገባኝም ነበር።"
ያገኘሁት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።
"እማማ፣ ገብሱ ላይ ነው የተቀመጡት፣ እንዳይበቅሉብን!" አለ ባሏ ከበርሜሎቹ መሃል። ቀና ብሎ ፊታችንን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።
ነገርኳቸው። ልጄ እጄን ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም።

ጥቅምት 10
ጠመቁት። አጃውን በእጄ ለካሁ። ገብሱንም ትንሽ አሳረርኩት። ልጄ "አበላሸሽው!" ብላ ጮኸችብኝ። ትጩህ።

ጥቅምት 17
ሳሉ ዛሬም መጣ። ማዕድ ቤት በር ላይ። "አውቀህ ነው የጨረስከው?" አልኩት ጮክ ብዬ። እብድ ይሉኝ እንደሆነ ይበሉኝ።
ያልወደደውን ቢራ ያስቀርበት ነበር። ያን ምሽት ከብርጭቆው ሥር ትንሽ ቢያስቀር፣ መንቃቱን አውቄ ይቅርታ እለምነው ነበር። ጨረሰልኝ። እኔ ዋሸሁት፣ እሱ ዋሸኝ። በአንድ ብርጭቆ ሁለት ውሸት።

ጥቅምት 30
የሆቴሉ ባለቤት መጣች። የምትኮሳተር ሴት ናት። ጎንጨት አለች። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳች። ደግማ ጎንጨት አለች። እኔ ፊቷን አላየሁም፤ የብርጭቆውን ሥር ነበር የማየው።
"ይሄ እኮ ይታኘካል" አለች። "አልኮሉ በእውነት ሁለት ብቻ ነው?"
ጨረሰችው። ለአዲሱ ወር እንድታዘጋጅላት ለልጄ ነግራት ሄደች። በያጁ በርሜሉን እንደ ከበሮ መታ፦ "በር ከመሆን ተረፍክ፣ ወንድሜ!"
ልጄ አንድ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ የባሌ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ቀዳሁት። ቀስ ብዬ ጠጣሁት፣ እስከ አተላው።
ከዚያ ሳሉን ጠበቅኩ።
መጋረጃው አልተነቃነቀም። ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያን ሁሉ ቀን ሳሉን ስፈራው ሰንብቼ... ዛሬ መብራቱን ሳላጠፋ፣ ጆሮዬን ወደ በሩ አቁሜ፣ ቆየሁ።
አልመጣም።