ቴምሩን በእምቢታ ያቆዩት የእታገመድ የሕይወት ታሪክ

አክስታችን እታገመድ ከቴምር ገበሬ አባታቸውና ከሰሌን ሠሪ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. በቴምሩ ደን ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ጎረቤት ሁሉ ያዝንላቸው ነበር። አክስታችን ግን በዘጠኝ ዓመታቸው የአባታቸውን ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ዛፍ ጫፍ ተገኙ፤ ሐዘኔታውም በዚያው ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እታገመድ» ተባሉ እንጂ እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የጠራቸው የለም።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ያልገፉት፣ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ፈተናውና የቴምሩ አበባ በአንድ ወር ስለሚገጥሙ ነው። የወንዴውን አበባ ቆርጦ በሴቴዋ ላይ ለማራገፍ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ አለ፤ ቀኑ ያለፈበት ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይቆማል።

በ1964 ዓ.ም. የመስኖ ቦይ ጠራጊውን ባለቤታቸውን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ባልና ሚስቱ የተዋወቁት በውኃ ተራ ተጣልተው ሲሆን፣ ጭቅጭቁ እስከ መጨረሻው እልባት አላገኘም።

በ1998 ዓ.ም. የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ደኑን አድናለሁ ብሎ በሽቦ አጠረው። «የሰው እጅ ያልነካው የተፈጥሮ ቦታ፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ሰቀለ። የሰቀለውም የእታገመድ አያት በእጃቸው በተከሉት ዛፍ ላይ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ጠፋ፤ በሁለተኛው ቦዩ በደለል ተደፈነ። ባለሙያዎቹ በሽታ ገብቶ ይሆናል ብለው ናሙና ወሰዱ። እታገመድም ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰው «ነገ ይምጡ» ሲባሉ ከረሙ።

በሦስተኛው ዓመት አበባው ሲፈነዳ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ ሽቦውን ቆርጠው ገቡ። ጠባቂዎቹ ደርሰው እስኪያወርዷቸው አሥራ አንድ ዛፍ አዳርሰው ነበር። ዳኛው ጥፋታቸውን ያምኑ እንደሆነ ሲጠይቋቸው እንዲህ አሉ፦

«ሽቦውን ቆርጫለሁ፤ ጥፋት ግን አላልኩትም። ይህን ደን ተፈጥሮ ብቻዋን አልሠራችውም፣ እኛም ብቻችንን አልሠራነውም። እኛን አስወጥቶ ደኑን እጠብቃለሁ ማለት፣ እናቱን አባርሮ ልጁን አሳድጋለሁ ማለት ነው።»

ሦስት ወር ታሰሩ። በዚያ ዓመት ፍሬ የያዙት እነዚያ አሥራ አንዱ ዛፎች ብቻ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱም ይህን አይቶ ሽቦውን አነሣ። ሰሌዳውን ያወረዱት ግን እታገመድ ራሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ የዶሮ ቤታቸው በር ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ልባቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ ዛፍ መውጣት ከለከሏቸው። እሳቸውም ከሥር ወንበር አስቀምጠው ዛፍ የሚወጣውን ሁሉ መቆጣት ያዙ። የካቲት 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው ከእኛ ጋር አሉ።

አበባው በዚህ ሳምንት ፈንድቷል፤ ለቅሶ አይጠብቅም። እሳቸውም ይህን ዐውቀው አዘውናል። ስለዚህ ከቀብር መልስ ወደ ቤት አንሄድም። ገመዳቸውን ታላቋ ልጃቸው ይዛለች፤ መውጣት የምትችሉ ተከተሏት፣ የማትችሉ ከሥር ሆናችሁ ተቆጡ።

አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እልሃቸውን ግን ለእኛ ይተውልን።